ጋቢ ለብሶ የወፈረው ወንድሜ

ወንድሜ ቀጭን ነው ስላችሁ እናንተ የምታውቁትን ቀጭን እያሰባችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የእኛ ቤት ቀጭን ሌላ ነው። ቀበቶው ላይ ከፋብሪካ ተበስቶ ከመጣው ቀዳዳ ሌላ፣ በጋለ ምስማር የተበሱ አራት ቀዳዳዎች አሉ። አራቱንም የበሳሁለት እኔ ነኝ። (ይህን ለክፍል ስጽፍ የአማርኛ መምህራችን "አጋነንሽ" ብለው ከዳር አሠመሩበት። በማግስቱ ቀበቶውን ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። መስመሩን አጠፉት።)

ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ሲበረታ የሰፈራችን ሰዎች "ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ያዝ" ይሉታል። እሱ አይቆጣም። "ድንጋዩንስ ማን ይሸከምልኛል?" ብሎ ያልፋል።

ይባስ ብሎ የሚሠራው ወፍጮ ቤት ነው፤ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ትንሽ ወረድ ብሎ። ቀኑን ሙሉ ጤፍና ገብስ እየመዘነ ሲያስፈጭ ይውላል። ወደ ቤት ሲመጣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ናቸው። "ይህ ልጅ እህል የሚበላው በአፍንጫው ብቻ ነው እንዴ?" እያሉ ሊያስፈጩ የመጡትን ሴቶች ያስቋቸዋል።

ይበላል እኮ። እናቴ "የት እንደሚያኖረው እንጃለት" ትላለች እንጂ አይበላም ብላ አታውቅም። አባታችንም በሕይወት ሳለ እንዲሁ ነበር አሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያርስ ውሎ ድካም የማያውቅ። ወንድሜ ከአባቴ የወረሰው ዋናው ነገር አጥንቱ ነው።

ቅጥነቱ ለማንም ችግር አልነበረም፤ ለታላቅ እህታችን ግን ነበር። እታለም እንላታለን። ወደ ዓረብ አገር የሄደች ቀን እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መናኸሪያው ውስጥ፣ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቃት፣ የወንድሜን የእጅ አንጓ በአውራ ጣቷና በመሃል ጣቷ ያዘችው። ጣቶቿ ተገናኙ፤ ተገናኝተውም ተደራረቡ።

"ይች አንጓ ሞልታ ጣቶቼ አንገናኝም ካላሉ አልመጣም" አለችው።

እየሳቀች ነበር ያለችው። በኋላ ግን የምሯን አደረገችው። የሁለት ዓመቱ ውሏ ሲያልቅ ደወለች። "ልመጣ ነው እማ" አለች፤ ወዲያው ደግሞ "እሱስ ወፈረ?" አለች። እናቴ መዋሸት አትችልበትም። "ያው ነው ልጄ፣ ያው እንደምታውቂው" አለች። ከዚያ "እንግዲያው ቤቱ ገና አልጠገበም ማለት ነው" አለችና ሌላ ሁለት ዓመት ፈረመች።

እንግዲህ ይኼው ነው ነገሩ። የወንድሜ አንጓ ሳይሞላ እህቴ አትመጣም። ስንት ጊዜ "አጥንቱ ነው፣ አባቱን መስሎ ነው" ብንላት "እናንተ ልታጽናኑኝ ነው" ትለናለች።

ሁለተኛው ውል ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት፣ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ወንድሜ ከሥራ ቀደም ብሎ መጣ። እናቴ ገበያ ነበረች።

"ነይ እስቲ አንቺ፣ እርጅኝ" አለኝ።

"ምን ልርዳህ?"

"ልወፍር ነው።"

"መቼ?"

"አሁን። እማ ሳትመጣ።"

ሁለት ሹራብ ደራርቦ ለበሰ። የእናታችንን ጋቢ ባራት አጥፌ ወገቡ ላይ ጠመጠምኩለት። ከላይ የአባታችንን ካፖርት ደረበና ቁልፎቹን እየታገልን ዘጋናቸው። ከአንገቱ በታች የወፍጮ ቤቱን ባለቤት አከለ። ከአንገቱ በላይ ግን ያው እሱ ነው፤ በርሜል ላይ የተተከለ እንጨት መሰለ።

"ጉንጭህስ?" አልኩት።

ዙሪያውን ቃኘ። ሌማቱ ላይ ለምሳ የተቀቀለ ድንች ነበር። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ጎረሰ። ስልኩን አንስቼ "አትሳቅ" ስለው ሊመልስልኝ ሞከረ፤ ድንቹ አላናግር አለው። አምስተኛው ፎቶ ላይ ሁለታችንም ሳንስቅ ተገኘን። ከሥሩ እኔ ጻፍኩለት፦ "እታለም፣ እንደምታይኝ ወፍሬያለሁ። ቤቱ ጠግቧል። በቃ ነይ።"

በሦስተኛው ቀን ድምፅዋን ላከችልን። መጀመሪያ ሳቅ ብቻ ነው፤ ረጅም ሳቅ። ከዚያ "እሺ። ፋሲካን እዚህ አሠሪዎቼ አይለቁኝም፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ግን እዚያ ነኝ። የሁለት ወር ፈቃድ ሰጥተውኛል። ለወንድሜ ሙሉ ልብስ ገዝቼ እመጣለሁ" አለች።

እናቴ እልል አለች። ፎቶውን ስላላየች "ምን ብላችኋት ነው እሺ ያለቻችሁ?" ብትለን "ለምነናት" አልናት። ወንድሜ ተከትሎኝ ወደ ጓሮ ወጣ። ፊቱ ላይ ደስታና ፍርሃት እኩል ተካፍለው ቆመዋል።

"ሙሉ ልብሱን የምትገዛው በፎቶው ልክ ነው" አለኝ።

"አዎ።"

"እዚያ ውስጥ እኔን የመሰለ ሦስት ሰው ይገባል።"

"አዎ።"

"ልብሱስ ይሁን። አይታኝ እንደገና ሄዳ ብትፈርምስ?"

ወሮቹን በጣቶቼ ቆጠርኩ። ከጥቅምት እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ስድስት ወር ነው። በስድስት ወር ፎቶውን መሆን ነበረበት።

በመጀመሪያው ወር በራሳችን ጥበብ ሄድንበት። ሰው ሁሉ "አብሽ ያወፍራል" ይላል፤ ስለዚህ አብሽ አፈላሁለት። ጠዋት አብሽ፣ ማታ አብሽ። በሳምንቱ ላቡ ሁሉ አብሽ አብሽ ይሸት ጀመር። አንዲት ሴትዮ ጆንያዋን ሚዛኑ ላይ እያስቀመጠች "ዛሬ ወጥ የሚሠራው እዚህ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችው። ኪሎ ግን አልጨመረም።

እናቴ ነገሩን ባታውቅም ለመወፈር መነሣቱን ወደደችው። "ወንዛዬ ሄዶ ፍል ውሃው ይግባ። ሆድ ይከፍታል" አለች። በሐሙሲት በኩል ሄድን። ወንድሜ ልብሱን አውልቆ ሲገባ፣ ከወንዶቹ መካከል እስከ አንገታቸው ተነክረው የነበሩ ሽማግሌ ብቅ አሉና አዩት። "ልጄ፣ ገባህ እንዴ? ውሃው እኮ ገና አላወቀም" አሉት። ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ከውሃው ወጥቶ ሐሙሲት ላይ የሁለት ሰው ምሳ በላ፤ ሚኒባሱ መታጠፊያ በዞረ ቁጥር ግን ሲያስመልሰው መጣ። በአንድ ጊዜ ብዙ መብላትም መላ እንዳልሆነ በዚያ አወቅን።

ከዚያ ነው የኪኒኑ ነገር የመጣው። ለእህል ጉዳይ አንበሳሜ ገበያ በሄደ ጊዜ አንድ ሻጭ በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ኪኒን ሰጠው። "በአሥራ አምስት ቀን ያወፍርሃል" ብሎታል። ስምም ማብራሪያም የለውም። ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያየዋል፤ ኪኒኑም እሱን ያየዋል።

"ልውጠው?" አለኝ።

"ምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ለሚያውቅ ሰው እናሳየው" አልኩና ቋጠሮውን ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ጎረቤታችን አንዲት ልጅ ከእንዲህ ያለው ኪኒን በኋላ ፊቷ እንደ ፊኛ ተነፍቶ፣ እግሯ አብጦ አይቼ ስለነበር ነው።

ጤና ጣቢያ ሄድን። የተቀበለችን ሲስተር ወጣት ናት፤ ነገር ግን አስተያየቷ እንደ አሮጊት ነው። ደሙንም ሰገራውንም አስመረመረችው። ያስልህ እንደሆነ፣ ያልብህ እንደሆነ፣ ከድሮው ቀንሰህ እንደሆነ እያለች ጠየቀችው። ውጤቱን አይታ ወረቀቱን አስቀመጠች።

"ምንም የለብህም። ጤነኛ ቀጭን ነህ።"

"ታዲያ አልወፍርም ማለት ነው ሲስተር?"

"ትወፍራለህ እንጂ። ግን እንደ ሊጥ በአንድ ሌሊት ኩፍ አትልም። እንደ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሲያድግ አይታይም፣ አንድ ቀን ቀና ስትል ረዝሟል።"

ኪኒኑን አወጣሁላት። በሁለት ጣቷ ያዘችው። "ይኼ ፊትህን ይነፋዋል፣ ውስጥህን ይጎዳዋል። ስታቆመው መነፋቱ ይሄዳል፣ ጉዳቱ ይቀመጣል" አለችና ወሰደችብን።

ከዚያ ምክሯን ተናገረች፤ እኔ ጻፍኩ። በአንዴ አትጨናነቅ፣ ቀኑን አምስት ቦታ ከፋፍለህ ብላ። ከምግብ በፊት ሆድህን በሻይና በውሃ አትሙላው። ሽሮህ ላይ ዘይት ይጨመር። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ እንቁላል፣ ወተት። በደንብ ተኛ። "ደግሞ ከባድ ነገር አንሣ፤ አለዚያ የበላኸው ሁሉ ሆድህ ላይ ነው የሚሰበሰበው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተመዘን። ሚዛን ታገኛለህ?"

ወንድሜ ፈገግ አለ። "ሚዛንማ ሞልቶናል" አላት።

በየዓርቡ ከሥራ በኋላ የእህል ሚዛኑ ላይ መውጣት ጀመረ። ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የሚያነቡት ግን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ይህን ለማንም አይለቁም። የመጀመሪያው ዓርብ ጎንበስ ብለው አዩና፣ "አርባ ዘጠኝ። ከግማሽ ኩንታል አንድ ኪሎ ትጎድላለህ። አንተን ገበያ አውጥቼ ብሸጥህ ሚዛን ሰረቀ ይሉኛል" አሉት።

በሁለተኛው ዓርብ ሃምሳ አንድ መጣ። ባለቤቱ አጨበጨቡ። እኔ ግን ሱሪው በቀኝ በኩል ወደ ታች ሲጎተት አየሁት። ኪሱ ውስጥ እጄን ብሰድ የወፍጮ ቤቱ ትልቁ ቁልፍ ከነሰንሰለቱ ወጣ።

"ለእታለም ዋሽተናል፤ አሁን ደግሞ ለሚዛኑ?" አልኩት።

"ልቤን ላበርታበት ብዬ ነው" አለ። ቁልፉን ሲያስቀምጥ አርባ ዘጠኝ ከምናምን ሆነ። ምናምኗን ሰጠነው።

ከባድ ነገር ማንሳቱም በዚያው ተጀመረ። ቀድሞ መዝጋቢና መዛኝ ብቻ ነበር። አሁን አሮጊቶች ጆንያ ይዘው በር ላይ ሲደርሱ ሮጦ ይቀበላል። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቱ በሩ ላይ ቆመው "ማን ማንን እንደተሸከመ የሚለይ ሰው ይምጣ" ይሉ ነበር። ወር ቆይተው ይህን መናገር ተዉ፤ ያኔ ነው ነገሩ እየሠራ መሆኑን ያወቅሁት።

የእኛ አገር ሰው ሊወፍር ሲነሣ ግን መጀመሪያ ማማከር ያለበት የቀን መቁጠሪያውን ነው። ወተትና እንቁላሉን ሁለት ሳምንት እንዳጣጣመ የነቢያት ጾም ገባ። ገና ሲመጣ ደስ አለን፤ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ባለችው መስኮት ወንድሜ እንቁላሉንም እርጎውንም አይቡንም ሳያጋንን፣ ከጾም ቀን በቀር ሳያቋርጥ በላ። የጾሙ ዋዜማ ሃምሳ ሦስት ደረሰ። በቀበቶው ላይ ከበሳኋቸው አንዱ ቀዳዳ ሥራ ፈታ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሁለታችንም ፈራን። ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፤ አዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም የለ። አምስቱ ማዕድ የት ይገባል? ሲስተሯ ዘንድ ተመለስኩ። "ይጹም ነው የምለው፣ ጤነኛ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ይገባል። ሦስቱን ጥሩ አድርጊያቸው" አለችኝ።

ጥሩ አደረግኋቸው። ለውዝና ሱፍ ቆልቼ ወቀጥኩ። የገብስ በሶ ጨመርኩ። እታለም ከሰው ጋር የላከችው ተምር ነበር፤ ፍሬውን አውጥቼ ተምሩን አብሬ ወቀጥኩት። ሁሉንም በኑግ ዘይት ለወስኩና በጣሳ ሞልቼ አስቀመጥኩ። ስም አላወጣሁለትም፤ ወንድሜ "ያን ነገር አምጭ" ስለሚል ስሙ "ያ ነገር" ሆኖ ቀረ። ድንች በተልባ፣ ሽሮ በዘይት፣ ከዚያ ያ ነገር። በጾሙ አጋማሽ ሃምሳ አምስት ሆነ። ጉንጭ አወጣ። ድንች የሌለበት፣ የራሱ የሆነ ጉንጭ።

ያልጠረጠርነው ነገር ይህ ጉንጭ የሚያመጣብንን ጣጣ ነው።

ሰው ሁሉ በሚከሳበት ሰሞን አንድ ሰው ቢወፍር አገር ምን ይላል? ወፍጮ ቤት ደግሞ አገር ሁሉ የሚመጣበት ቦታ ነው። አንድ ቀን ምሳ ልወስድለት ስሄድ (ዘጠኝ ሰዓት ሲል ነው እንግዲህ ምሳው) ሁለት ሴቶች ተራ እየጠበቁ ያወሩ ነበር።

"በሁዳዴ ጉንጭ ያወጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እኛ ቤት ድመቷ እንኳ ከስታለች።"

"ቅቤ ነው እቴ። ያ መብረቅረቅ የቅቤ ነው።"

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። እናቴ ማሰሮ በማሰሮ እየከፈተች ስታሸት አገኘኋት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። "በዚህ ዕድሜዬ ጾም ያስገደፈ ቤት ልባል?" ብላ ነጠላዋን አጣፋችና የንስሐ አባታችንን ልትጠራ ወጣች።

አባ የመጡት ረቡዕ ነው። ተረኛ ቀዳሽ ስላልነበሩ ከስምንት ሰዓት ቀደም ብለው ደረሱ። ተሳለምናቸው። ወንድሜን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡትና ጉንጩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"ልጄ፣ ቅቤ ነክተሃል?"

"አልነካሁም አባቴ።"

"ወተት?"

"አልነካሁም።"

"ከሰዓቱ በፊትስ?"

"ውሃም አልቀመስኩ።"

"ታዲያ ይህ ጉንጭ ከወዴት መጣ?"

ጣሳውን አምጥቼ ከፊታቸው አስቀመጥኩ። ክዳኑን ከፈትኩት። የተቆላው ለውዝ መዓዛ ቤቱን ሞላው። አባ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

"ምንድን ነው ይህ?"

"ለውዝ፣ ሱፍ፣ በሶ፣ ተምርና የኑግ ዘይት ነው አባቴ። ከብት የሚባል አልነካውም።"

"እስኪቀመስ ድረስ እንዴት ይታመናል" አሉ። ለመቅመስ ደግሞ ቅዳሴ አልወጣም፤ ገና አንድ ሰዓት ይቀራል። እንግዲህ አስቡት፤ አራት ሰዎች አንድ ጣሳ ዙሪያ ተቀምጠን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ስለ ዝናብ ጠየቁ። ስለ ገብሱ ጠየቁ። ዓይናቸው ግን ወደ ጣሳው እየሄደ ይመለሳል። እናቴ ክዳኑን ልትከድነው ብትነሣ "ተይው፣ ይናፈስ" አሏት።

በመጠበቅ መካከል ወንድሜ ሁሉንም ተናዘዘ። የእታለምን የአንጓ ቃል፣ ፎቶውን፣ ካፖርቱን፣ ድንቹን። እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

"የእኔን ጋቢ?" አለች።

"ባራት አጥፈን" አልኩ እኔ።

አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት።

ደወሉ ተደወለ። አባ ባርከው በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሁለተኛው በጣታቸው ጫፍ አልነበረም።

"ጾም ነው" አሉ በመጨረሻ። "እንከን የለበትም። ነገር ግን ልጄ፣ ጾም የዓይነት ብቻ አይደለም፤ የመጠንም ነው። አንተ የምትበላው ለእህትህ ብለህ ነውና አልከለክልህም። ብቻህን ግን አትብላው። ከምትሠሩት እኩሌታውን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ላሉት አሮጊቶች ውሰድ።" መቋሚያቸውን ይዘው ሲነሡ ጨመሩ፦ "ለእኔም ትንሽ ቋጥሩልኝ፤ ሰው ቢጠይቀኝ በምን ልመሰክር።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጥፍ እወቅጥ ነበር። እጄ ውኃ ቋጠረ። ወሬው ግን ሞተ፤ አሮጊቶቹም ጉንጭ ማውጣት ስለጀመሩ ማንን ማማት እንዳለባቸው ጠፋቸው። ለፋሲካ ወንድሜ ሃምሳ ስድስት ነበር። ባለቤቱ ጎንበስ ብለው አነበቡ። ኪሱንም ዳሰሱት። ባዶ ነበር።

እታለም የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ከባሕር ዳር የመጣው ሚኒባስ በር ሲከፈት ጥቁር ሰፊ ዓባያ ለብሳ ወረደች። እናቴን አቀፈች። እኔን "አንቺ ነሽ?" ብላ አቀፈችኝ። ከዚያ ወንድሜ ፊት ቆመች። እጁን አንሥታ አንጓውን በአውራ ጣቷና በመሃል ጣቷ ያዘች።

አየሁ። ጫፍና ጫፋቸው ሊነካካ ሲል ቆመ። በመካከላቸው የገብስ ፍሬ የምታህል ክፍተት ቀረች። ወንድሜ ትንፋሹን ይዞ ነበር። "ይህ በወሬ ሳይሆን ጆንያ በመሸከም ነው የመጣው" አላት።

እሷ አሁንም አንጓውን አልለቀቀችም። "ኧረ ጉድ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ምነው ፈጣሪዬ፣ ምን አደረግኩ።"

ምን እንዳደረገች የገባን ቤት ደርሰን ሻንጣው ሲከፈት ነው። ሙሉ ልብሱ ጥቁር ሰማያዊ፣ የሚያምር ነው። ወንድሜ ኮቱን ሲለብስ ትከሻው ላይ ያዘው። ቁልፉን ሊዘጋ ሳበው፤ አልደርስም አለ። እንደገና ሳበው። እናቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሳብን። ከኋላ አንድ ነገር ጠረቅ አለ፤ ስፌቱ ነው።

"በፎቶው ልክ አልገዛሽም?" አላት።

"በየትኛው ፎቶ? ሆድህ እንደ በርሜል፣ አንጓህ እንደ ክብሪት እንጨት የሆነበት ፎቶ?" አለችው። "የእማ ጋቢ ጥለቱ ከካፖርቱ ሥር ብቅ ብሎ ነበር። ጥጡን የፈተልኩት እኔ ነኝ፣ ላላውቀው ነው? ድንቹም በግራ በኩል ልጣጩ ይታያል። ያው ነው ብዬ በድሮው ልክህ ገዛሁ።"

"ታዲያ ካወቅሽ ለምን መጣሽ?" አልኳት።

የተተረተረውን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች። "ድንች በሁለት ጉንጩ ጎርሶ ነይ የሚለኝ ሰው እያለ፣ ምን ልሠራ እቀራለሁ" አለች።

ወንድሜ የማይዘጋውን ኮት እንደለበሰ አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን ከዓባያው እጅጌ አወጣና አንጓዋን በሁለት ጣቱ ያዘው። ጣቶቹ ተገናኙ፤ ተገናኝተውም ተደራረቡ። መናኸሪያው ውስጥ ሳቅፋት ጃንጥላ ያቀፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አልተሳሳትኩም። በስልክ የሚታየው ፊቷ ብቻ ነበር፤ ዓባያው ውስጥ ያለውን ማንም አልጠየቃትም። አራት ዓመት ሙሉ "እሱስ ወፈረ?" ስትለን አንዳችንም "አንቺስ?" ብለናት አናውቅም ነበር።

"እንግዲህ ሕጉን የደነገግሽው አንቺ ነሽ" አላት ወንድሜ። "ይች አንጓ ሞልታ ጣቶቼ አንገናኝም ካላሉ አትሄጂም።"

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሚዛኑ ላይ አወጣናት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጎንበስ ብለው አነበቡ። "አርባ አምስት" አሉና ወደ እናቴ ዞሩ፤ "እመት፣ እናንተ ቤት ሰው በእህል ነው ወይስ በነፋስ የሚያድገው?"

ሙሉ ልብሱን ልብስ ሰፊው ጋ ወሰድነው። ገልብጦ አየውና "የሚሰፋ ትርፍ ጨርቅ የለውም፤ ይህን ሰው ወደ ድሮው መመለስ ይቀላል" አለን። ወንድሜ ኮቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ ያወርደውና አልዘጋም ሲለው ያሳያል። እንዲህ የሚኮራበት ልብስ ኖሮት አያውቅም።

የእታለም ፈቃድ በሰኔ አለቀ። አሁን መስከረም ነው። እኔ እወቅጣለሁ፣ ሲስተሯ ትመክራታለች፣ በየዓርቡ ወፍጮ ቤት ትመዘናለች። ባለፈው ሳምንት የቀድሞ አሠሪዋ ደውላ መቼ እንደምትመለስ ጠየቀቻት። እታለም በዓረብኛ መለሰችላትና ዘጋችው። ምን እንዳለቻት ብንጠይቃት ጣሳውን ወደ ራሷ ሳበች።

"ገና አርባ ዘጠኝ ነኝ አልኳት" አለች። በማንኪያዋ ጫፍ ብቻ ቆንጥራ ቀመሰችና መልሳ ከደነችው። "እኔ እንደ ወንድሜ አልቸኩልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"